ከአውጫጭኝ እስከ ሻንሲ ቁጥር

ስለ መኪና ስርቆት ወሬ ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ሌባው ነው። ‹‹ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም እኮ!››፣ ‹‹ዘበኛው ቆሞ እያየ ነው የነቀለው!››፣ ‹‹የልጁ እጅ የቀዶ ሐኪም እጅ ነው!›› … በእርግማንና በአድናቆት መካከል ያለ ነገር። ስለ ገዢው ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። የተነቀለው ስፖኪዮ አየር ላይ አልተነነም፤ የሆነ ሰው መኪና ላይ ተገጥሞ ከተማውን እየዞረ ነው። ያ ሰው ደግሞ ሌባ አይደለም። ምናልባት አስተማሪ ነው፣ ምናልባት ነጋዴ ነው፣ ምናልባትም (ይቅርታ ይደረግልንና) አንባቢያችን ነው። ዛሬ ልናወጋ የፈለግነው ስለዚህ ሰው ታሪክ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው መኪና ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት ስለሆነ ትንሽ ወደኋላ እንሄዳለን፤ ወደ ጎጃም ደጋ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ።

‹‹ለምን ጎጃም?›› ለሚል ሁለት ምክንያት አለን። አንደኛው፣ የደብረ ማርቆስ ዙሪያ (ጎዛምን፣ ማቻከል፣ ስናን፣ አነደድ፣ አዋበል …) በበሬ የኖረ አገር ነው። እዚያ በሬ ማለት ለከተማ ሰው መኪና ከሚሆነው በላይ ነው። መኪናው የተሰረቀበት ሰው በታክሲ ይሄዳል። ጥማዱ የተሰረቀበት ገበሬ ግን ሰኔ ሲገባ ምን ይዞ ይወጣል? ወይ ጎረቤቱን ይለማመጣል፣ ወይ መሬቱን ለሌላ ያሳርሳል፣ ወይ ልጁን ሰው ቤት እረኛ አድርጎ ያስቀጥራል። ስለዚህ ያ ማኅበረሰብ የተሰረቀ ነገር ገበያ እንዳያገኝ የሚያደርግ ዘዴ ያስፈልገው ነበር፤ አበጀም። ሁለተኛው፣ ደብረ ማርቆስ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ፣ አባይ በረሃን ወርዶ የወጣ መኪና እዚያ ሲደርስ ጎማውን ያስነፋል፣ ፍሬኑን ያሳያል፣ የተቃጠለ አምፖል ይቀይራል። የበሬው ሕግና የመኪናው ገበያ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ከተማ ነው ማለት ይቻላል።

በሬ ሊብሬ ሲኖረው

‹‹በሬ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው›› ብሎ የሚያስብ የከተማ ልጅ ካለ የገጠር ዘመዱን ይጠይቅ። ቡሬ አለ፣ ዳልቻ አለ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦቃ አለ። ከቀለሙ ሌላ የቀንዱ አወጣጥ አለ፤ የጆሮው ቅድ አለ፤ ቀንበር የጋጠው ጫንቃ አለ፤ ልጅ ሆኖ ጅብ የሞከረው ጭን ላይ የቀረ ጠባሳ አለ። ፈረስና በቅሎ ሲሆኑ ደግሞ ዳማ፣ ቡላ፣ ግራጫ እየተባለ ይዘረዘራል። ይህን ሁሉ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ጎረቤቱ ያውቃል፣ ደቦ አብሮት የወጣው ያውቃል፣ ከሁሉም በላይ እረኛው ያውቃል። የአንድ በሬ ማንነት በመንደሩ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተመዝግቧል። መዝገብ ቤት የለም፣ ማኅተም የለም፣ ግን መዝገቡ አይጠፋም።

ዋናው ነገር ግን ገበያው ላይ ነው። ሰው ከማያውቀው ሰው ከብት ዝም ብሎ አይገዛም ነበር። ሻጩ ዋስ ይጠየቃል። ሁለቱም የሚያውቁት ሰው መጥቶ ‹‹ይህ የእገሌ ልጅ ነው፤ ከብቱም የቤቱ ነው›› ብሎ ይቆማል። ይህ ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ነገ የከብቱ ባለቤት መጥቶ ከበረትህ ውስጥ ‹‹ይሄ በሬ የኔ ነው›› ካለ አንተ የምትመልሰው አንድ ነገር ነው፦ ሻጭህን ማቅረብ። ሻጭህም በተራው የሸጠለትን ያቀርባል። ገመዱ እንዲህ እየተሳበ ሄዶ ማንንም ማቅረብ የማይችል ሰው ጋ ይቆማል። እዚያ የቆመበት ሰው እንግዲህ ወይ ሌባው ነው፣ ወይ እንደ ሌባው ይቆጠራል። ‹‹ገበያ ላይ ነው የገዛሁት፣ ሰውየውን አላውቀውም›› የሚል መልስ አያድንም፤ እንዲያውም ያስጠረጥራል። የማታውቀውን ሰው ከብት ለምን ገዛህ?

ይህን አስቡትና አሁን ደግሞ የራሳችሁን መኪና ኮፋኖ ከፍታችሁ እያንዳንዱን ዕቃ ከማን እንደገዛችሁ ለማስታወስ ሞክሩ።

በእርግጥ ይህ ሥርዓት ቀዳዳ ነበረው። አንዱ ርቀት ነው፤ ከብቱን ሌሊት ነድቶ ማንም ወደማያውቀው ገበያ ማድረስ። ሌላው ቢላዋ ነው። በሬ ከታረደ ቡሬም ዳልቻም የለም፤ ሥጋ ብቻ ነው። ሥጋ ስም የለውም። ለዚህ ነው ከብት የጠፋበት ሰው መጀመሪያ ቆዳ የሚፈልገው። (ይህችን ነገር ያዙልን፤ መኪና ጋ ስንደርስ ትመለሳለች።)

ወፍ ነገረኝ

ከብቱ ጠፍቶ፣ ዱካው ተከታትሎ አንድ አገር ላይ ከጠፋ ምን ይደረጋል? በአማራው አገር አውጫጭኝ፣ በሸዋና በሌላውም አፈርሳታ የሚባለው ነገር ይመጣል። የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ላይ ይጠራል። ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። እርሻ ይጠብቅ፣ ገበያ ይለፍ፣ ዝናብ ይምጣ። ከመካከላቸው የታመኑ ሽማግሌዎች ተመርጠው እያንዳንዱን ሰው እያስማሉ ለብቻው ይጠይቁታል፦ ምን አየህ? ምን ሰማህ? የሚያውቅ ሰው እንዲህ በግልጽ አይናገርም፤ ጎረቤት ነውና ደም ይመጣል። ስለዚህ ‹‹ወፍ ነገረኝ›› ይላል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ሌባው ካልታወቀ ደግሞ አገሩ በሙሉ አዋጥቶ ለተሰረቀው ሰው ይከፍላል።

የዚህ ነገር ብልሃቱ ዝምታን ውድ ማድረጉ ነው። ዛሬ እኛ ሰፈር ውስጥ የመኪና ጎማ ሲፈታ በመስኮት አይተን መጋረጃችንን መልሰን ብንተኛ የሚጠይቀን የለም። በአውጫጭኝ ዘመን ግን ዝም ያለ ሰው ከሥራው ቀርቶ ሜዳ ላይ ይውላል፣ መጨረሻ ላይም ከኪሱ ይከፍላል። የወንጀል ምርመራን ሥራ ለመላው ሰፈር የሰጠ፣ ደመወዝ የማይከፈልበት ፖሊስ ነበር። ደራሲ ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፈው ‹‹አፈርሳታ›› የተሰኘ ልቦለድም በአንድ የጉራጌ መንደር በተቃጠለ ጎጆ ዙሪያ የተካሄደን እንዲህ ያለ ምርመራ የሚተርክ ነው።

ነገር ግን ‹‹የአባቶቻችን ፍትሕ›› እያልን እንባ ለማፍሰስ አንቸኩል። እኛ በበኩላችን እዚያ ሜዳ ላይ መቀመጥ አንመኝም። ከሃምሳ ሰው መካከል ወፏ የማንን ስም ይዛ እንደምትመጣ መገመት ከባድ አይደለም፦ ዘመድ የሌለው፣ ከሌላ አገር የመጣው፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ቡዳ ነው ተብሎ የሚፈራው። ባለጉልቱን የምትጠቁም ወፍ ማን አይቶ ያውቃል? ያልሰረቀ ሰው በጋራ ቅጣት መክፈሉም ፍትሕ ሊባል አይችልም። ከዚህ የባሰው ሌባ ሻይ ነበር። ልጅ ይመረጥና መድኃኒት ያለው ነገር አጠጥተው፣ በጭስ አጥነው፣ ወገቡ ላይ ሻሽ አስረው ይለቁታል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ወይም የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። ይህ ተረት አይደለም፤ ሹም የነበረው፣ በቤተ መንግሥት የታወቀ አሠራር ነበር፤ መንግሥት በኋላ ከለከለው። ከሳሽና ተከሳሽን ነጠላ ለነጠላ አስሮ ዳኛ ጋ የሚወስደው ቁራኛም የዚሁ ዘመን ነገር ነው። (ቁራኛ የሚለውን ቃል ዛሬ የምንጠቀምበት ለሌላ ነገር ነው፤ ‹‹የአልጋ ቁራኛ›› ስንል የታሰረው ሰው በሽታው ጋ መሆኑን ማን ያስባል?)

እንግዲህ ሁለቱን ለይተን እንያዝ። አውጫጭኝና ሌባ ሻይ ሌባውን የሚፈልጉ ናቸው፤ ዛሬ ብንመልሳቸው የሰውን መብት የሚደፈጥጡ። የገበያው ዋስ ግን ገዢውን የሚይዝ ነው፤ ማንንም አያስርም፣ ማንንም አያጥንም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠይቀው፦ ከማን ገዛኸው?

ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ስፖኪዮ

መኪና ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ እየነዳና እየተጎተተ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ጀርመናዊው ሆልትስ ደግሞ የራሱን ይዞ መጣ፤ ምኒልክም ተሳፈሩ። ጎጃም ግን አባይ መካከል ላይ ነበረ። የጎጃሙ ገዢ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓ ሄደው የዓለምን መኪና አይተው ተመልሰዋል። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ በ1845 ዓ.ም. ገደማ ‹‹መንቆረር›› ብለው የቆረቆሯት ከተማ በዚያን ጊዜ የበቅሎ ከተማ ነበረች። በነገራችን ላይ፣ ከ17 ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ በጎጃም በኩል ይዟቸው የገባው የጌዲዮን ጦር ዕቃውን የጫነው በዋናነት በግመል ነበር። 15,000 ገደማ ግመል ከሱዳን ተነስቶ ደጋውን ሲወጣ በብርድና በረሃብ አለቀ፤ በሕይወት የተረፈው ጥቂት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። የጎጃም መሬት ለጎማም ለግመልም እንዲህ በቀላሉ እጅ አይሰጥም።

መኪናን ለተራው ሰው ያስተዋወቀው፣ ወደድንም ጠላንም፣ የአምስት ዓመቱ ወረራ ነው። ማስረጃው አፋችን ላይ አለ። ጋራዥ ገብታችሁ ሜካኒኩ የሚለውን ስሙት፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ኮፋኖ፣ ፍሬቻ፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪ፣ ክሪክ፣ ካቻቪቴ። ስፖኪዮ። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ ቃላቱ ግን የመኪናውን አካል አንድ በአንድ ይዘው ቀሩ። አሁን ልብ በሉ። ለበሬ የነበሩን ቃላት በሬውን ከበሬ የሚለዩ ነበሩ፦ ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ቦቃ። ለመኪና የተረከብናቸው ቃላት ግን መኪናውን የሚበልቱ ናቸው። ካንዴላ የማን ካንዴላ እንደሆነ አይናገርም። የታረደ በሬ ሥጋ ነው። (ያዙልን ያልናችሁ እዚህ ነው የምትመለሰው።)

አንድ ቃል ብቻ በተቃራኒው ሄደ፦ ሊብሬ። ከጣሊያንኛው ‹‹ሊብሬቶ›› ጋር የሚዛመድ ነው፤ ትንሽ መጽሐፍ ማለት። መኪናው በዚህች ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ስም አገኘ፣ ቁጥር አገኘ፣ ባለቤት አገኘ። ከመንደሩ ሰው ጭንቅላት የነበረው መዝገብ ወደ መንግሥት መደርደሪያ ተዛወረ ማለት ነው።

መዝገብ የሚፈራ አገር

ጎጃም ከመንግሥት መዝገብ ጋር የነበረው ታሪክ ደግሞ ጣፋጭ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ተነሳ። የተነሳው በገንዘቡ ብዛት ብቻ አልነበረም። ገማቾች መጥተው ምርቱን ሊያዩ፣ ሊጽፉ፣ ሊገምቱ ነው፤ ዛሬ የጻፉትን ነገ ይወስዱታል፤ ርስታችን ሊነካ ነው የሚል ጥርጣሬ ነበረ። ቢቸና፣ ሞጣ፣ ዳሞት ተቀጣጠለ፤ ጦር ተላከ፤ በመጨረሻ ገዢው ተነስተው ውዝፉ ግብር ተማረ። ለዚያ ገበሬ መጻፍ ማለት መወሰድ ነበር። ዋስ ግን የራሱ ሰው ነው።

ታሪክ መቼም ቀልደኛ ነው፤ ከ35 ዓመት ያህል በኋላ የአማራ ክልል ለገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር መስጠት ሲጀምር ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ምሥራቅ ጎጃም ነበር። በዚህኛው ጊዜ ገበሬው ደብተሩን ተቀበለ፣ በፌስታል ጠቅልሎ ከሣጥኑ ሥር አኖረ። ምክንያቱ ቀላል ይመስለናል፦ የመጀመሪያው መዝገብ ሊወስድበት የመጣ ነበር፤ ሁለተኛው ሌላ ሰው እንዳይወስድበት የመጣ ነው። ደግሞም ምዝገባው የተካሄደው ጎረቤት ለጎረቤት ወሰን እያሳየ፣ በአካባቢው ሰው በተመረጡ ኮሚቴዎች ፊት ነው። ወረቀቱ የሠራው ምስክሩን ስላልጣለ ነው።

ቁጥር ያለውና ቁጥር የሌለው

መኪናውን ስንመለከት ዓለም ሁሉ የሄደው በመዝገቡ መንገድ ነው። አሜሪካኖች መኪና ሰርቆ ግዛት ማሻገርን የፌዴራል ወንጀል ያደረጉት በ1919 እ.ኤ.አ. ነው። ሌባው ከአንድ ግዛት ሰርቆ ሌላው ጋ ሲሸጥ ፖሊስ ወሰኑ ላይ ይቆም ነበርና። የኛ ከብት ነጂ አባይን ተሻግሮ እንደሚሸጠው መሆኑ ነው። ምዕራብ ጀርመን ከ1961 ጀምሮ መሪ የሚቆልፍ ቁልፍን ግዴታ አደረገች። ከ1981 ጀምሮ ደግሞ 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የመኪና መለያ የተለመደ ሆነ። በአውሮፓ ከ1998 ወዲህ የሚመረቱ አዳዲስ መኪኖች ቁልፉን ካላወቁት የማይነሱበት ኢሞቢላይዘር እንዲኖራቸው ተደረገ።

እኛም አገር ሕጉ አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ይመዘገባል፣ ሊብሬ ይሰጣል። ስለዚህ ሙሉ መኪና ሰርቆ መሸጥ ለሌባ ራስ ምታት ነው። ቁጥሩን መቀጥቀጥ አለበት፣ ሊብሬ ማስመሰል አለበት፣ ሰሌዳ መቀየር አለበት፣ አንድ ቦታ ላይ ከመዝገቡ ጋር መጋጨቱ አይቀርም። ብልህ ሌባ ታዲያ ምን ያደርጋል? ያርደዋል።

ሻንሲው ቁጥር አለው። ሞተሩ ቁጥር አለው። ስፖኪዮ ቁጥር የለውም። የፊት መብራት የለውም። ባትሪ፣ ቸርኬ፣ ፍሬቻ፣ የበር እጀታ፣ ቴፕ … የሉትም። መዝገቡ የያዘው አጥንቱን ነው፤ ሥጋው ነፃ ነው። አሜሪካኖች ይህን ስላዩ በ1984 እ.ኤ.አ. ብዙ የሚሰረቁ መኪኖች ዋና ዋና ክፍሎቻቸው ላይ ቁጥር እንዲታተም የሚያስገድድ ሕግ አወጡ፤ መከለያው፣ በሩ፣ ኮፋኖው ሁሉ ስም እንዲኖረው ማለት ነው። እኛ ጋ ይህን ሥራ የያዙት በየመንገዱ ዳር መሣሪያ ይዘው የሚቆሙ ልጆች ናቸው። የሰሌዳ ቁጥርህን ስፖኪዮህና መስታወትህ ላይ ይቀርጹልሃል፤ መብራትህን በብረት ጠፍጥፈው ያስሩልሃል። ይህን ስናይ የሚመጣብን የበሬው ጆሮ ቅድ ነው። የከተማው ሰው ሳያውቀው ወደ አያቱ ተመልሷል።

ግን የጆሮው ቅድ ብቻውን በሬ አላዳነም ብለናል። ያዳነው ገዢው ቅዱን አይቶ ‹‹ዋስ አምጣ›› ማለቱ ነው። እዚህ ላይ ነው የኛ ዘመን የሚያሳፍረው። አዲስ አበባ ውስጥ መለዋወጫው የጠፋበት ሰው የመጀመሪያ ምክር ‹‹ለፖሊስ አመልክት›› አይደለም፤ ‹‹ሶማሌ ተራ ሂድና ፈልገው›› ነው። (ሶማሌ ተራ ውስጥ በላቡ የሚነግድ፣ ዕቃውን ከነደረሰኙ የሚያስመጣ ብዙ ነጋዴ እንዳለ እናውቃለን፤ ቀልዱ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው እነሱን ነው።) የራስህን ስፖኪዮ መልሰህ ትገዛለህ የሚለው ቀልድ ስንት ዓመት ሆነው? እንስቃለን። ቀልዱ ውስጥ ያለውን ነገር ግን አንሰማም፦ የራሱን ያላገኘው ሰው የሌላውን ይገዛል ማለት እኮ ነው። ትናንት የተሰረቀ፣ ዛሬ ገዢ ነው። እንደ ፍርፍር አዙሪት ነው፤ ሁሉም ሰው ተጎጂ ሆኖ ሁሉም ሰው ደንበኛ ነው።

የወንጀል ሕጋችን ይህን ሰው አልረሳውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 682 በወንጀል የተገኘን ንብረት እያወቀ የሚገዛ፣ የሚቀበል፣ የሚሸሽግ፣ የሚያሻሽጥ ሰውን ይቀጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የተሰረቀበት ባለቤት ዕቃውን በቅን ልቦና ከገዛው ሰው እጅ እንኳ መጠየቅ እንዲችል ያደርጋል። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። ችግሩ ‹‹እያወቀ›› የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ማን ጠየቀህና ታውቃለህ? ሻጩ ደረሰኝ አልሰጠህም፣ አንተም አልጠየቅህም፤ ያለማወቅ ስምምነት ነው። ከግማሽ ዋጋ በታች የተሰጠህን ፋናሌ እያየህ አለማወቅ ራሱ ሥራ ይጠይቃል። የድሮው ገበያ አለማወቅን እንደ መከላከያ አልተቀበለም፤ የኛው ገበያ ግን የሚሸጠው እሱኑ ነው።

ለምን ውድ ሆነ?

ገዢውን ብቻ ወቅሰን እንዳንሄድ ደግሞ የኪሱን ነገር እንናገር። አገራችን ያለው መኪና ከሕዝቧ ብዛት ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውም ሌላ አገር አርጅቶ የመጣ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋው ወጣ። የነዚህን ውሳኔዎች ጥቅምና ጉዳት ለኢኮኖሚ ባለሙያዎች እንተወው። ለኛ ወሬ የሚያስፈልገን አንድ ውጤት ነው፦ አሮጌዋ ዲኤክስና ቪትዝ እንደ ወርቅ ተቆጠሩ፤ አዲስ መኪና መግዛት ያልቻለ ሰው ያለውን እየጠገነ መኖር አለበት፤ መጠገኛው ደግሞ ወይ የለም ወይ አይቀመስም። የተሰረቀ ዕቃ ገበያ በሌባ ብልጠት አላደገም። ሕጋዊው መደርደሪያ ባዶ ሲሆን ሕገ ወጡ ይሞላል።

ደብረ ማርቆስ ላይ ይህን የሚሸከመው ባለ ባጃጁ ልጅ ነው። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ፣ ቤተሰቡ ከብት ሸጦና ከብድርና ቁጠባ ተበድሮ ባጃጅ የገዛለት ልጅ። (በሬው ባጃጅ ሆነ ማለት ነው፤ ቃል በቃል።) የዚህ ልጅ ባትሪና ጎማ ሌሊት ከተፈታ ነገ ጠዋት ሥራ የለም፤ ብድሩ ግን አለ። እና ምን ያደርጋል? አንድ ሰው ‹‹ርካሽ አለ›› ይለዋል። እዚያች ቅጽበት ላይ ነው ጎረቤቱ፣ የሌላ እናት ልጅ፣ ከነገ ወዲያ ባትሪውን የሚያጣው።

ዕቃ ብቻም ቢሆን ጥሩ ነበር። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የጥሪ ታክሲ አሽከርካሪዎች እንደ ተሳፋሪ በገቡ ሰዎች ተገድለው መኪናቸው የተወሰደባቸው ወንጀሎች በተለያየ ጊዜ ተዘግበዋል። ገዳዮቹ መኪናውን የፈለጉት ሊነዱት አልነበረም፤ የሚገዛቸው ሰው እንዳለ ስለሚያውቁ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ስለተካሄደው ጦርነት፣ ስለተዘጉት መንገዶችና በመንገድ ላይ ስለታገቱት ሰዎች ደግሞ የጎጃም መስመር ሾፌር ሁሉ የራሱ ታሪክ አለው። መሣሪያ የያዘ ሰው ‹‹ውረድ›› ሲል መስታወት ላይ የተቀረጸ ቁጥር ምንም አያደርግም፤ ያ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ዋስ፣ በደረሰኝ መልክ

ታዲያ የድሮው ጥያቄ ለዛሬ መለዋወጫ ሱቅ ይሆናል ወይ? ይሆናል ብለን እናስባለን፤ ከባድም አይደለም። አሮጌ ዕቃ የሚነግድ ሱቅ አንድ ደብተር ይኑረው፤ ዕቃውን ያመጣለት ሰው ስምና መታወቂያ፣ ዕቃው ከየትኛው ሰሌዳ መኪና እንደተፈታ ይጻፍበት። መኪናውን ፈትቶ የሚሸጥ ባለንብረት ሊብሬውን ያሳይ። ገዢውም ደረሰኙን ይቀበል። ፖሊስ የተቀረጸ ቁጥር ያለበት ስፖኪዮ ሱቅ ውስጥ ሲያገኝ ሰፈሩን በሙሉ ማፈስ አያስፈልገውም፤ ‹‹ደብተርህን አምጣ›› ብሎ ገመዱን መሳብ ነው። ማቅረብ ያልቻለው ጋ ይቆማል። ጋራዦችም እንዲሁ፤ ደንበኛው ‹‹የትም አግኝተህ ግጠምልኝ›› ሲል ‹‹የትም›› የሚባል ሱቅ እንደሌለ የሚነግረው ሜካኒክ ያስፈልጋል።

ደብረ ማርቆስን የመሰለ ከተማ ለዚህ ከአዲስ አበባ ይሻላል። መለዋወጫ ነጋዴዎቹ የሚተዋወቁ ናቸው፤ ጋራዦቹ ይቆጠራሉ፤ የባጃጅ ማኅበራቱ አባሎቻቸውን በስም ያውቃሉ። አንድ ማኅበር የአባሎቹን ጎማና ባትሪ በራሱ ምልክት ቢቀርጽና ዝርዝሩን ለከተማው ሱቆች ቢሰጥ ሌባው ዕቃውን ተሸክሞ ወይ ደጀንን አልፎ በረሃውን መውረድ፣ ወይ ወደ ደምበጫ መዝለቅ ሊኖርበት ነው። አንድ ባትሪ ያን ያህል መንገድ አያስኬድም።

ለጊዜው ግን የተቀረጸው ቁጥር ዕጣው ሌላ ነው። ሌባው መስታወቱን ከነቁጥሩ ይነቅላል። ሻጩ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ያደበዝዘዋል፤ አንዳንዱ ለመፋቅ እንኳ አይደክምም። ገዢው ፍቁን ያየዋል፣ በጣቱ ይዳስሰዋል፣ ‹‹ትንሽ ጭረት አለው፣ ቀንስልኝ›› ይላል። ይቀነስለታል።